ድካሙን አትውሰዱበት፤ ስትሮክ የመታው ሰው መራመድን እንደ ገና ስለ መማሩ



የዚህ ወር ጽሑፋችን ስለ ምንጭ ውሃ፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ስለ ወባ ትንኝ አይደለም። እነዚህ ዛሬም ቸል የሚባሉ ነገሮች አይደሉም፤ ነገር ግን የሕዝባችን ሕመም ከዘመኑ ጋር እየተለወጠ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሣው ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፤ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም፤ በዚያ ለሚሠለጥኑት ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የጽዳት ባለሙያዎች የተሰጣቸው ዋና አደራ ተላላፊ በሽታን መከላከል ነበረ። ዛሬ ግን ከጎንደር በአዘዞና በጠዳ አልፎ ወደ ማክሰኝትና ወደ እንፍራዝ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ባሉት ጤና ጣቢያዎች ሌላ ዓይነት ሕመምተኛም ይመጣል። ትኩሳት የለበትም፤ አያስለውም፤ ማታ በደኅና ተኝቶ ጧት አንድ እጁና አንድ እግሩ አልታዘዝ ብለውት የተገኘ ሰው ነው።

ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ሰው መራመድን እንደ ገና ሲማር ስለሚደክመው ድካም ይናገራል። ድካሙ ከሕመሙ ጋር የመጣ ተጨማሪ መከራ መስሎ ስለሚታየን ልናስቀርለት እንጥራለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በልክ የሆነ እንደ ሆነ ድካሙ ራሱ መድኃኒት ነው፤ ድካሙን የወሰደበት ሰው መድኃኒቱን ወሰደበት ማለት ነው። ይህንንም አጉልቶ ያሳየን፤ በማክሰኝት የማይገኝና ዋጋው እጅግ ውድ የሆነ አንድ መሣሪያ ነው፤ እርሱም የመራመጃ ሮቦት ነው። ስለ መሣሪያው ከመናገራችን በፊት ስለ ሕመሙ ጥቂት እንበል።

ሕመሙ ምንድር ነው?

ስትሮክ ማለት ለአንጎል ደም የሚያደርሰው ሥር በድንገት ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚደርስ አደጋ ነው። ደም የተቋረጠበት የአንጎል ክፍል ብዙ አይታገሥም፤ ትልቅ ሥር ተዘግቶ ሕክምና ካልደረሰ በየደቂቃው ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ የአንጎል ሕዋሳት እንደሚጠፉ ሊቃውንት ገምተዋል። የአንጎል ቀኝ ወገን የግራውን አካል፤ ግራ ወገኑም የቀኙን አካል ስለሚያዝ፤ ጉዳቱ በአንዱ ወገን ሲደርስ ሽባነቱ በሌላው ወገን ይታያል። በአገራችን ብዙ ሰው ይህን ባየ ጊዜ «መጋኛ መታው» ይላል። ሰውየው በእርግጥ ተመትቷል፤ ነገር ግን የተመታው ከውጭ አይደለም፤ በራስ ቅሉ ውስጥ ነው። ከምክንያቶቹም ዋነኛው ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ ወይም ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት ነው።

ሕመሙ ማዕረግ አይመርጥም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ይኸው ሕመም በርትቶባቸው፤ አንደበታቸው ተይዞ አካላቸውም አልታዘዝ ብሎ፤ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በአልጋ ላይ ቆዩ። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ ላሉ ነገሥታትም ሆነ ለድኾች፤ ከዚህ ሕመም በኋላ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ዕረፍት ነበረ።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፤ የአፍ ወደ አንድ ወገን መጣመም፣ የአንድ እጅ ወይም የአንድ እግር በድንገት መዛል፣ የአንደበት መተሳሰር። ይህን ያየ ሰው የጀመረበትን ሰዓት ልብ ይበል፤ ሕመምተኛውንም ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ሐኪም ያድርስ። መዋጥ መቻሉ ሳይታወቅ ምግብም ውሃም አይስጠው፤ የዋጠው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። ይህ ጸበልንም ይጨምራል። ጸሎት ሕክምናን አይከለክልም፤ ሕክምናም ጸሎትን አይከለክልም፤ የተከለከለው ጊዜ ማባከን ነው።

እግሩ አልሞተም

ከሞት የተረፈው ሕመምተኛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «እግሬ ይመለሳል ወይ?» ብሎ ነው። ይህን ለመመለስ ምን እንደ ተበላሸ ማወቅ ያስፈልጋል። የእግሩ ሥጋ፣ አጥንትና ጅማት እንዳሉ ናቸው። የተበላሸው ትእዛዝ የሚያልፍበት መንገድ ነው። በክረምት ድልድዩን ጎርፍ የወሰደበት አገር ሕዝብ በቤቱ ተቀምጦ አይቀርም፤ ሌላ መሻገሪያ ይፈልጋል። አዲሱ መሻገሪያ በመጀመሪያ እሾኽ ያለበትና የሚያዳልጥ ነው፤ ሰው ዕለት ዕለት በተመላለሰበት ቁጥር ግን እየተረገጠ መንገድ ይሆናል። አንጎልም እንዲሁ ነው። ያልተጎዳው ክፍል የተጎዳውን ሥራ በከፊል ሊረከብ ይችላል፤ ይህም የሚሆነው ሕመምተኛው ራሱ እያሰበና እየሞከረ ያንኑ ሥራ ደጋግሞ ሲሠራ ነው። ሌላ ሰው እግሩን ቢያነሣለት ግን እግሩ ተነሣ እንጂ ትእዛዙ በአዲሱ መንገድ አልተላከም።

ሁለተኛው ጉዳይ የልብና የሳንባ ጉዳይ ነው። ሰው በአልጋ ላይ በዋለ ቁጥር ሥጋው ይላላል፤ የልቡም ጉልበት ይቀንሳል። ስትሮክ የመታቸው ሰዎች አቅም ሲመዘን፤ ሰውነታቸው በሥራ ጊዜ ኦክሲጅን የመጠቀም ችሎታው ከዕድሜ እኩዮቻቸው ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ የሚገኝባቸው ብዙዎች ናቸው። በዚህም ላይ እግርን እየጎተቱ መሄድ ጤነኛ ሰው በዚያው ፍጥነት ሲሄድ ከሚያወጣው ኀይል አንድ ጊዜ ተኩል፤ አንዳንድ ጊዜም እስከ እጥፍ ድረስ ይጠይቃል። እንግዲህ አቅሙ ተከፍሎበታል፤ ወጪው ግን ጨምሮበታል። ለእኛ ከምድጃው እስከ ደጃፍ ያለችው መንገድ ምንም አይደለችም፤ ለእርሱ ግን ሸክም ተሸክሞ ዳገት እንደ መውጣት ናት። ደክሞኛል ሲል ሰንፎ አይደለም።

የመራመጃው ሮቦት

ሰው በራሱ ለመቆም የማይችል ሲሆን እንዴት አድርጎ እርምጃን ይለማመዳል? በውጭ አገር ሆስፒታሎች የተገኘው አንዱ ዘዴ፤ ሕመምተኛውን በጠንካራ መታጠቂያ ከላይ አንጠልጥሎ ክብደቱን በማቃለል፤ ትሬድሚል በሚባለው፤ ከእግር ሥር እየተንሸራተተ በሚያልፍ ወለል ላይ ማራመድ ነበረ። በግራና በቀኝ የተቀመጡ ባለሙያዎች ጐንበስ ብለው እግሮቹን በእጃቸው እያነሡ ያስረግጡት ነበር። ሥራው ወገብ የሚቆርጥ ስለ ነበረ ሕመምተኛው ሳይደክም ባለሙያዎቹ ይደክሙ ነበር።

ይህን ድካም ለማስቀረት መሐንዲሶች ሮቦት ሠሩ። ከነዚህም በዓለም እጅግ የታወቀው ሎኮማት የሚባለው ነው፤ የሠራውም እ.ኤ.አ. በ1996 በስዊዘርላንድ የተቋቋመው ሆኮማ የተባለ ኩባንያ ነው። መሣሪያው በጭንና በቅልጥም ላይ የሚታሰር የብረት እግር አለው፤ በዳሌና በጉልበት አንጻር የተተከሉት ሞተሮች በኮምፒዩተር እየታዘዙ የሕመምተኛውን እግር ያነሣሉ፤ ያራምዳሉ፤ ይመልሳሉ። መሣሪያው አይደክምም፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ሺህ የሚበልጥ እርምጃ ያስረግጣል። ባለሙያውም ሦስት ነገሮችን እንደ ፈቃዱ ያበዛል ወይም ያሳንሳል፤ የወለሉን ፍጥነት፣ ከሕመምተኛው ክብደት መሣሪያው የሚሸከመውን ድርሻ፣ ሞተሩ እግሩን የሚመራበትን ኀይል።

በውጭ አገር በተማርሁበት ጊዜ ይህን መሣሪያ በሥራ ላይ አይቻለሁ። ያስደነቀኝ ብረቱ ሳይሆን በብረቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች መለያየት ነበረ። በአንዱ ሰዓት የታሠረው ሕመምተኛ እግሩ እየሄደ እርሱ ግን በመስኮት ይመለከት ነበር፤ ያዛጋም ነበር። ከእርሱ ቀጥሎ የታሠረው በዚያው ፍጥነት፤ በዚያው ወለል ላይ ሲሄድ ግን ግንባሩ በላብ ተሞልቶ፤ ጥርሱን ነክሶ፤ እያንዳንዱን እርምጃ ከሞተሩ ቀድሞ ለማንሣት ይታገል ነበር። ለተመልካች ሁለቱም እኩል ተራምደዋል። ለሰውነታቸው ግን አንዱ ተጭኗል፤ አንዱ ሠርቷል።

ድካሙ ሲመዘን

ተመራማሪዎች ይህን ልዩነት በዐይን ብቻ አልተዉትም፤ ሕመምተኛው የሚተነፍሰውን አየር እየሰበሰቡ የሚጠቀመውን ኦክሲጅን፤ የልቡንም ትርታ እየቆጠሩ የሚያወጣውን ኀይል መዘኑ። እ.ኤ.አ. በ2017 በብሩክሴል ያሉ ተመራማሪዎች ከዚያ በፊት የተሠሩትን እንዲህ ያሉ ጥናቶች አሰባስበው ሲመረምሩ፤ በሮቦት እርዳታ መራመድ ያለ ሮቦት ከመራመድ ያነሰ ኀይል እንደሚጠይቅና ልብንና ሳንባን በጥቂቱ እንደሚያሠራ ገለጡ። ይህም እንደ መሣሪያው ዓይነትና እንደ አሠራሩ ይለያያል። ሞተሩ ሥራውን ሁሉ ሲሠራ ሕመምተኛው መንገደኛ ይሆናል፤ የሞተሩ መሪነት ሲቀንስና ሕመምተኛው በብርታት እንዲሠራ ሲታዘዝ ግን ድካሙ ይጨምራል።

በመራመዱ ላይ የተገኘው ውጤትም ከዚሁ ጋር የሚስማማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በጥቂቱ መራመድ የጀመሩ 48 ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍሎ፤ ግማሾቹን በሮቦት፤ ግማሾቹን በባለሙያ እጅ እየተረዱ እያንዳንዳቸው 12 ጊዜ፤ በየጊዜውም ለ30 ደቂቃ አለማመደ። ባለሙያው የረዳቸው በመራመድ ፍጥነት የበለጠ ተሻሻሉ፤ ባለሙያው የሚረዳው እንደ ሮቦቱ ዘወትር ሳይሆን ሲያስፈልግ ብቻ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2009 ስትሮክ ከመታቸው 6 ወር ባልሞላቸው 63 ሕመምተኞች ላይ የተደረገው ሌላ ጥናትም፤ በተለመደው የእግር ልምምድ የሠለጠኑት በፍጥነትም በርቀትም በሮቦቱ ከሠለጠኑት እንደ በለጡ አሳየ።

ይሁን እንጂ መሣሪያውን መናቅ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2020 በ62 ጥናቶች ውስጥ ያሉትን 2,440 ሕመምተኞች የመረመረው ሰፊ ሥራ፤ መሣሪያው ከፊዚዮቴራፒ ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ ያለ ሰው ድጋፍ ለመራመድ የመብቃትን ዕድል ከፍ እንደሚያደርግ አረጋግጧል። ይበልጥ የሚጠቀሙትም ሕመሙ ከደረሰባቸው ገና 3 ወር ያልሞላቸውና በራሳቸው ከቶ መራመድ ያልቻሉት ናቸው። ነገሩ ግልጽ ነው። መቆም ለማይችለው ሰው መሣሪያው የማይገኘውን እርምጃ ያስገኝለታል፤ በጥቂቱም ቢሆን መራመድ ለጀመረው ግን ከሚገባው በላይ የሚረዳው መሣሪያ ሥራውን ይቀማዋል።

ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ነው። በአሜሪካ 408 ሕመምተኞች ተመርጠው፤ ከፊሎቹ በትሬድሚል ላይ በመታጠቂያ ተንጠልጥለው፤ ከፊሎቹ ደግሞ በቤታቸው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እየጎበኛቸው ቀስ በቀስ እየከበደ የሚሄድ የጉልበትና የሚዛን ልምምድ እየሠሩ ተለማመዱ። ከአንድ ዓመት በኋላ ከሁሉም ውስጥ 52 በመቶ የሚሆኑት በመራመድ ወደ ተሻለ ደረጃ ተሻገሩ፤ በሁለቱ ወገኖች መካከልም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ውድ መሣሪያ የሌለው ቤት ተስፋ የሌለው ቤት አይደለም ማለት ነው።

በየቤታችን ያለው ሮቦት

በማክሰኝት የብረት ሮቦት የለም ብለናል። የፍቅር ሮቦት ግን በየቤቱ አለ። አንድ ዕድሜው ከ60 ያለፈ፤ ጤፍና ሽምብራ የሚያመርት ገበሬ ስትሮክ መትቶት ከሆስፒታል ወደ ቤቱ ተመለሰ እንበል። ልጆቹ ይወዱታል፤ ያከብሩታልም። ከመደቡ ሊነሣ ሲሞክር ሁለቱ በብብቱ ገብተው ያነሡታል። ወደ ደጅ ሲል ተሸክመው ያደርሱታል። ጉርሻውንም ከአፉ ያደርሱለታል። «አባቴ፤ እርስዎ ይረፉ እንጂ፤ እኛ ልጆችዎ እያለን ለምን ይደክማሉ?» ይሉታል። እርሱም ላለማስቀየም ይተኛል። ከ3 ወር በኋላ ደኅነኛው እግሩ ሳይቀር ሰልሎ፤ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎ፤ ጀርባው ከመኝታ ብዛት ቆስሎ ይገኛል።

ከእነዚህ ልጆች መካከል አንዲቱ ልጅ አባቷ ራሱ እንዲነሣ ብትተወውስ? ጎረቤት መጥቶ ሽማግሌው እየተንቀጠቀጠና እያላበው ከዱካው ላይ ሊነሣ ሲታገል ባየ ጊዜ «ልጆቹ ጨከኑበት፤ እጃቸውን አጣጥፈው ያዩታል» ብሎ ማማቱ አይቀርም። በአገራችን አባትን ሲደክም ቆሞ ማየት ነውር ነውና። በዚህ ምክንያት ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ለአስታማሚዎች ብቻ አይደለም፤ ለጎረቤትም ለዕድርተኛም ነው። ከአባቷ አጠገብ ቆማ፤ እጇን ከመቀነቱ አጠገብ አድርጋ፤ ራሱ እስኪነሣ የምትጠብቅ ልጅ አልጨከነችም። ተሸክሞ ከሚያወጣው ልጅ ያላነሰ ትወደዋለች፤ የምትሠራውም ሥራ ይከብዳል።

ይህን ስንል ቤተ ዘመድ ብቻውን ይበቃል ማለታችን አይደለም። በህንድ አገር በ14 ሆስፒታሎች በ1,250 ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፤ ዘመድን አሠልጥኖ ልምምዱን ለዘመድ መተው ብቻውን የተለየ ጥቅም እንዳላስገኘ አሳይቷል። ዘመድ ያለ መሪ፤ መሪም ያለ ዘመድ አይበቁም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ይሰጣል፤ ዩኒቨርሲቲውም በዚህ ሙያ ተማሪዎችን በዲግሪ ያስመርቃል፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ አገልግሎትም አለው። ከማክሰኝት እስከዚያ ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዕለት ዕለት መመላለስ ለገበሬ የማይቻል ቢሆን፤ በተገኘው ቀን ሕመምተኛውን የሚያስታምመው ሰው አብሮ ሄዶ ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፤ የትኛውን ልምምድ እንሥራ? በምን ያህል እንርዳው? መቼ እንጨምር? የእነዚህን መልስ ይዞ የተመለሰ አስታማሚ መድኃኒት ይዞ ተመልሷል።

ድካሙን በምን እንለካው?

ድካም መድኃኒት ከሆነ እንደ መድኃኒት ሁሉ ልክ አለው። ሲያንስ አይጠቅምም፤ ሲበዛ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፤ በ5 አገሮች 2,104 ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት፤ ስትሮክ በመታቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ከአልጋ አስነሥቶ አብዝቶ ማንቀሳቀስ፤ ከተለመደው አያያዝ ይልቅ ከ3 ወር በኋላ የሚገኘውን በጎ ውጤት እንዳሳነሰ ገልጧል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለሐኪም ፈቃድ መተው ይገባል።

ሕመምተኛው ከረጋና ሐኪሙም ከፈቀደ በኋላ፤ የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው መመሪያ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን፤ በቀን ከ20 እስከ 60 ደቂቃ፤ መካከለኛ ድካም ያለው ልምምድ እንዲደረግ ይመክራል። በአንድ ጊዜ ለማይችል ሰው በ10 በ10 ደቂቃ መከፋፈል ይቻላል። የድካሙን ልክ ለማወቅም ጉናር ቦርግ የተባለ የስዊድን ሊቅ ያወጣው መለኪያ አለ። መለኪያው ከ6 እስከ 20 ይቆጠራል፤ 6 ከቶ አለመድከም፤ 20 ከዚያ በላይ የማይቻል ድካም ነው። ለእነዚህ ሕመምተኞች የተመከረው ከ11 እስከ 14 ያለው፤ ይኸውም ከቀላል ድካም ተነሥቶ ጥቂት እስከሚከብደው ያለው ነው።

ቁጥሩ ለማያመቸው ቤት ከዚህ የቀለለ ሚዛን አለ። ሕመምተኛው እየተራመደ የለመደውን ጸሎት፤ ክርስቲያኑ አቡነ ዘበሰማያትን፤ እስላሙ ፋቲሓን ድምፁን አሰምቶ ይድገም። እንደ ተቀመጠ ሆኖ ሳይቋረጥ የሚወርድለት ከሆነ ድካሙ ገና አላደረሰውም፤ ጥቂት ይጨምር። በየሐረጉ እየተነፈሰ የሚደግመው ከሆነ ልኩ ያ ነው። ቃል ማውጣት ካቃተው ግን በዝቶበታል፤ ወዲያው ይቀመጥ። አንደበቱ በሕመሙ የተያዘበትን ሰው በትንፋሹና በፊቱ መመልከት ያስፈልጋል።

የእጅ ሥር ትርታንም በሰዓት መቁጠር ይቻላል። ነገር ግን አቴኖሎልንና ፕሮፕራኖሎልን የመሰሉ መድኃኒቶች የልብን ትርታ ስለሚያዘገዩ፤ እነዚህን በሚወስድ ሰው ላይ ትርታው የድካሙን ልክ በትክክል አይናገርም። ትርታው እየዘለለ የሚመታ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ለጤና ባለሙያ መንገር ያስፈልጋል፤ የልብ አመታት መዛባት አንዱ የስትሮክ ምክንያት ነውና።

በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራ?

ከዚህ ቀጥሎ የተጻፈው፤ ሐኪም መንቀሳቀስን ለፈቀደለት ሰው ነው።

1ኛ፤ ከልምምዱ በፊት የደም ግፊቱ በጤና ጣቢያ ይለካ፤ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ይዋጥ።

2ኛ፤ የመራመድ መጀመሪያ መነሣት ነው። ሕመምተኛው በጠንካራ መቀመጫ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፤ ሁለቱን እግሮቹን አስተካክሎ መሬት አስረግጦ፤ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይነሣ፤ ቀስ ብሎም ይቀመጥ። በደኅነኛው እግር ብቻ እንዳይነሣ የደከመውንም እንዲጫነው ይነገረው። አምስት ጊዜ የቻለ በሚመጣው ሳምንት ስድስትና ሰባት ይሞክር።

3ኛ፤ በቤቱ ምሰሶ ወይም በግድግዳ አጠገብ ቆሞ ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውር። የደከመው እግር ክብደት መሸከምን ካልተማረ እርምጃ የለም።

4ኛ፤ ሲራመድ ወገቡን በሰፊ መቀነት አጥብቆ ይታጠቅ። ረዳቱ በደከመው ወገን ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ይቁም፤ ሲያስፈልግም መቀነቱን ይያዝ። የደከመውን እጅ ፈጽሞ አይጎትት፤ በብብቱም ገብቶ አያንሣው፤ ትከሻው ከቦታው ይለቅቃልና። ምርኩዙ በደኅነኛው እጅ ይሁን። አስቀድሞ ምርኩዙ፤ ቀጥሎ የደከመው እግር፤ በመጨረሻ ደኅነኛው እግር ይሂድ።

5ኛ፤ ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ተራምዶ ይረፍ፤ እንደ ገና ይነሣ። ድምሩ ቀስ በቀስ ወደ 20 ደቂቃ ይድረስ። የረገጠው እርምጃ ብዛት በየቀኑ በግድግዳው ላይ በከሰል ይጻፍ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ምሳሌ በዚህ ቤት በቁጥር ይታያል፤ ተስፋ የቆረጠውም ሰው ከወር በፊት የጻፈውን አይቶ ይበረታል።

6ኛ፤ የረዳቱ እጅ እንደ ሮቦቱ መቆጣጠሪያ ነው፤ ዕለት ዕለት ይቀነስ። በመጀመሪያ ሁለት እጅ፤ ቀጥሎ አንድ እጅ፤ ቀጥሎ በመቀነቱ ላይ ሁለት ጣት፤ በመጨረሻም ዐይን ብቻ ይርዳው። ዐይን ግን አይነሣ፤ ለዚህ ሰው የመውደቅ አደጋ ትልቅ ነውና።

7ኛ፤ ወለሉ አይርጠብ፤ በመተላለፊያው ላይ እንስራና ገመድ አይጣል፤ ሌሊት ወደ መጸዳጃ የሚሄድበት መንገድ መብራት ይኑረው። ጫማው ተረከዙን የሚይዝ ይሁን፤ ክፍት ነጠላ ጫማ ያሰናክላል።

ደረቱን የሚያመው፣ ራሱ የሚዞርበት ወይም ትንፋሹ ባልተለመደ ሁኔታ የሚያጥረው ከሆነ ልምምዱ ወዲያው ይቁም። አዲስ መዛል፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንደበት መተሳሰር ከታየ ሁለተኛ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል፤ እስኪያልፍ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

በመጨረሻ

አንድ ጊዜ ስትሮክ የመታው ሰው ለሁለተኛው የተጋለጠ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት ራስ ምታት ሲነሣ ብቻ የሚዋጥ አይደለም፤ ጤና ሲሰማም ዕለት ዕለት ይዋጣል። ጨው ይቀነስ፤ አረቄና ትንባሆ ይቅሩ። በቤቱ ያሉት ሌሎች አዋቂዎችም የደም ግፊታቸውን ይለኩ፤ መለካቱ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይወስድም፤ ከ140 በ90 በላይ ሆኖ ደጋግሞ ከተገኘ ሕክምና ያስፈልገዋል።

እንግዲህ አስታማሚዎች ሆይ፤ ሕመምተኛችሁ ነገ ጧት ከመደቡ ሊነሣ ሲሞክር አስቀድማችሁ አታንሡት። ቅረቡት፤ መቀነቱን አጥብቁለት፤ ጠብቁት። ላቡን ባያችሁ ጊዜ አትደንግጡ፤ ጥረጉለትና ውሃ አጠጡት፤ ሲያርፍም እንደ ገና እንዲነሣ አበረታቱት። ከዚህ በላይ ለመረዳት የሚፈልግ ሁሉ ወደ ማክሰኝት ወይም በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ መጥቶ የጤና ባለሙያውን ይጠይቅ።